በእንቁላል ፋንታ

አሞይን ጾም ያስገደፍኳት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ አሞ ማለት የአባት እኅት ናት፤ «አሞይ» ስንል «አክስቴ» ማለታችን ነው። ይቺ አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ጾም ገድፋ የማታውቅ፣ የሚገድፉትን ግን በየሰፈሩ ለይታ የምታውቅ ሴት ነበረች። እኔ ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። በዐቢይ ጾም መካከል፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አራት እንቁላል የገባበት ኬክ ቆርጬ በሳሕን አቀረብኩላት። ሁለት ቁራጭ በላች። ሦስተኛውን ለነገ ብላ በወረቀት ጠቅልላ ወደ ክፍሏ ወሰደች።

ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመናገር ከእናቴ መጀመር አለብኝ። እናቴ የደሴ ልጅ ናት። አባቴ የመቀሌ ሰው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ለሥራ ደሴ በሄደ ጊዜ የጉዞ ደብዳቤውን የተየበችለት እሷ ነች። ደብዳቤው ላይ ስሕተት ተገኘና ሊያሳርም ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስሕተት የሌለበት ደብዳቤ ሁሉ ላይ ስሕተት እያገኘ ይመላለስ ጀመር። ተጋብተው መቀሌ ሲገቡ እናቴ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስና ተማሪ ቤት የቤት ባልትና ስትማር የጻፈችበትን ደብተር ነው። ሓድነት በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራዩ፣ ኋላም ሠሩ። እሷ በአማርኛ ታወራናለች፣ አባቴ በትግርኛ፤ እኛ በተጠየቅንበት እንመልሳለን።

ደብተሩ ውስጥ አንድ የኬክ አሠራር ነበር። የሚጠይቀው የገበታ ቅቤ፣ ትኩስ ወተት፣ ቫኒላ፣ የስኳር ዱቄትና ፎርኖ ነው። በዚያን ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ እኛ ቤት የነበረው ደብተሩ ብቻ ነው። እናቴ ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ሳይፈጸም ሲቀር የምትታመም ሰው ስለነበረች በየመስመሩ ጠርዝ በጥቃቅን ፊደል ትጽፍበት ጀመር። በገበታ ቅቤ ፋንታ ዘይት። በወተት ፋንታ የዱቄት ወተት፤ እሱም ከታጣ ለብ ያለ ውሃ። በቫኒላ ፋንታ የብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ሳይነካ የተፋቀ። የስኳር ዱቄት በሚለው ትይዩ «ውቀጪው» ብላ ለራሷ ትእዛዝ ጽፋለች።

ለፎርኖው መላ እስክታገኝ ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ ትልቁን የድግስ ብረት ድስት አወጣች። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል የታጠበ አሸዋ አነጠፈች፣ አሸዋው ላይ ሦስት ጠጠር አስቀመጠች፣ መጋገሪያውን ጠጠሮቹ ላይ አሳረፈች፣ ከደነችው፣ ክዳኑ ላይም ፍም አደረገችበት። መጋገሪያዎቹን የሰፈራችን ቆርቆሮ ሠሪ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ቆርጦ የሠራልን ናቸው። ሁለት ነበሩ፤ ሰውየው ጠንቃቃ ስለነበር ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሠራቸው። ያንን ጥንቃቄውን ኋላ ረግሜዋለሁ።

አሞይ ባሏ ከሞተ በኋላ ከእኛ ጋር፣ በግቢያችን ባለችው አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። እናቴን ትጠላታለች ማለት አይቻልም። ትጠረጥራታለች እንጂ። በአሞይ አስተያየት ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ተጋብተው፣ ሠርግና ለቅሶ ተጋርተው ስለሚኖሩ ጾሙም በዚያው ላላ ብሎ ይሆናል። ማስረጃ አልነበራትም፤ አስፈልጓትም አያውቅም። ጾም ሲገባ የራሷን ድስት፣ የራሷን ማማሰያና አንገቱ ላይ ክር የታሰረበትን የራሷን የዘይት ጠርሙስ ታወጣለች። የእናቴ ድስት ቅቤ የለመደ ስለሆነ ምንም ቢታጠብ አታምነውም። እናቴንም በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ሰበይቲ ሓወይ» ነው የምትላት፣ የወንድሜ ሚስት። ለዐሥራ አራት ዓመት እንዲያ አለቻት።

እናቴ ከዚች ሴት አንድ ነገር ብቻ ትፈልግ ነበር። በጾም ወራት፣ እሷ በሠራችው ምግብ ላይ፣ አንድ ጊዜ እጇን እንድትዘረጋላት። ይህን ለእኛ በግልጽ ተናግራ አታውቅም። ግን በየጾሙ መግቢያ ሽሮዋን ከሌላው ጊዜ አሳምራ ትሠራና፣ ሳሕን ይዛ አሞይ ደጃፍ ትቆማለች። «ይቅመሱልኝ» ትላለች። አሞይ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። እናቴ ሳሕኑን ይዛ ትመለሳለች፤ እኛም ያን ሽሮ እንበላለን። በልጅነቴ የጾም መግቢያ ሽሮ ለምን እንደዚያ እንደሚጥም አላውቅም ነበር።

ታናሽ እኅቴ የተወለደችው መጋቢት ላይ ስለሆነ ልደቷ ሁልጊዜ ጾም ላይ ይውላል፤ ይህንንም አሞይ ከእናቴ ድክመቶች አንዱ አድርጋ ትይዘው ነበር። አምስት ዓመት የሞላት ጊዜ እናቴ ሁለት ኬክ እንጋግራለን አለች። አንዱ እንቁላል ያለበት፣ ገና ለማይጾሙት ሕፃናት። ሌላው የጾም፣ ለእኛ ለትልልቆቹ። የጾሙን አሠራር አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ በቃል ነግራት ነበር፤ በእንቁላል ፋንታ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ። ኬኩ ነጣ ብሎ እንዳያሳፍራት ደግሞ የራሷን ጨመረችበት፤ በአስኳል ፋንታ፣ ለቀለሙ፣ በቢላዋ ጫፍ የተያዘ እርድ። ሁለቱም ሊጥ ቢጫ ሆኑ። ሁለቱም ብርቱካን ብርቱካን ሸተቱ። አሁን ሳስበው እናቴ ሁለቱን ለማመሳሰል ያልሠራችው ሥራ አልነበረም።

ልንጋግር ስንል ከጎረቤት የለቅሶ ጥሪ መጣ። ለቅሶ ቆይ አይባልም፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከመውጣቷ በፊት ቢላዋ ዘይት ነክራ በጾሙ ሊጥ ላይ መስቀል አበጀች። ሊጧ ወፍራም ስለሆነ የተሠመረበትን ይይዛል፤ ሲበስልም ምልክቱ ይሰነጠቃል እንጂ አይጠፋም። «መስቀል ያለበት የጾም ነው፤ የሌለበት የልጆቹ ነው። ልብ አድርጊ» አለችኝ። ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ሸፍና ሄደች። እኔ ውጪ ወጥቼ ሁለት ምድጃ ከሰል አቀጣጠልኩ፣ አራገብኩ፣ ዓይኔ በጭስ ቀላ። ተመልሼ ጨርቁን ስገልጥ ሁለቱም ላይ መስቀል አለ።

እናቴ እጇ ለምዶባት ሁለቱንም አማትባባቸው ሄዳለች አልኩ። ሊጥ ሳይማተብበት እሳት የሚገባበት ቤት ስለሌለ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ለቅሶ ቤት ሄጄ፣ ነጠላ ባዘቀዘቁ ሴቶች መካከል ገብቼ፣ «እማዬ፣ እንቁላሉ የቱ ውስጥ ነው ያለው?» ብዬ መጠየቅ አልችልም። ሊጡ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሶዳው ያልፍበታል። ሁለቱንም ድስት ውስጥ አስገባሁና ሲበስሉ እለያቸዋለሁ አልኩ።

በሰሉ። ልለያቸው አልቻልኩም። መቅመስ እንዳልችል ጾመኛ ነኝ፤ የምቀምሰው እንቁላል ያለበት ከሆነ ገደፍኩ ማለት ነው። አሽትቼ አየሁ፤ ሁለቱም ብርቱካን ናቸው። በመጨረሻ እኅቴን ጠራኋት። እሷ ሕፃን ናት፣ ጾም የለባትም። ከዚህኛው ቆንጠር፣ ከዚያኛው ቆንጠር አድርጌ አጎረስኳትና የቱ እንቁላል እንዳለበት ጠየቅኋት። በጥሞና አላመጠች። «እንደገና» አለች። እንደገና ሰጠኋት። «እንደገና» አለች። ሦስተኛው ላይ ምስክርነቷን ሰረዝኩት።

ያኔ አእምሮዬን ተጠቀምኩ፤ የጠፋሁትም በዚህ ነው። እንቁላል ኬክን ያነፋዋል፣ እንቁላል የሌለው ይተኛል፣ ስለዚህ ከሁለቱ ከፍ ያለው እንቁላል አለበት ብዬ ደመደምኩ። የእናቴ ሶዳና አቼቶ በዚያን ቀን ከአራት እንቁላል በላይ እንደሚያነሣ በምን አውቄ። ከፍ ያለውን ለልጆቹ፣ ዝቅ ያለውን ለትልልቆቹ አደረግሁ።

አሞይ እንደ ልማዷ ጠግቤያለሁ አለች። እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ ኩራትም ይዞኛል፤ ያለ እናቴ የጋገርኩት የመጀመሪያ ኬክ ነው። «አሞይ፣ የጾም እኮ ነው» አልኳት። እንቁላል የለውም ወይ አለች። የለውም። ወተትስ? የለውም። «በሊ ምሓሊ» አለችኝ፤ በይ ማይ። «ማርያምን!» አልኩ። የምሬን ነበር። አንድ ቁራጭ አነሣች፣ ቀመሰች፣ ጨረሰች። ሁለተኛውን ሳትጠየቅ አነሣች። አባቴም በላና «ጥሩ ነው» አለ፤ አባቴ ስለ ምስማርም እንዲህ ነው የሚለው። ከዚያም አሞይ፣ «እናትሽ ናት ያቦካችው?» አለች። አዎ አልኳት። «ኢድኪ ይባረኽ የምላት ጊዜ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም» አለች፤ እጅሽ ይባረክ ማለቷ ነው። በእኔና በእሷ መካከል ወሬው በትግርኛ ነበር፤ በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አማርኛው የማይበቃበት ቦታ ላይ ብቻ የራሷን ቃል እተዋለሁ።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ እጇን ታጥባ ወደ ልጆቹ ገባች። የልጆቹ ኬክ ጥቂት ጥቂት ተነክሶ ሳሕኑ ላይ ቀርቷል። አንዷ የጎረቤት ልጅ «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለቻት። እናቴ አንዱን ፍርፋሪ አንሥታ በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ገበታ ዞረች፤ የተቆረጠውን ኬክ ውስጡን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሓድነት መሬት ግን ድንጋያማ ነው።

በዚህ መካከል አሞይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለእናቴ ስትነሣላት ያኔ መጀመሪያዋ ነው። ከኬኩ በጣቶቿ ቆረሰች፣ ወደ እናቴ ቀረበችና እጇን ወደ አፏ ዘረጋች። «ሓፍተይ፣ እንኪ» አለቻት፤ እኅቴ፣ እንኪ። «የእጅሽን አንቺም ቅመሺው።»

እናቴ ያቺን ጉርሻ አየቻት። ውስጧ ምን እንዳለ ታውቃለች። እምቢ ብትል አሞይ ለምን ትላለች፤ ለምን ከተባለ ደግሞ ሁሉም ነገር ይወጣል፣ ያ የዐሥራ አራት ዓመት ጥርጣሬም በአንድ ቀን እውነት ይሆናል። እናቴ አፏን ከፈተችና ጎረሰች። አላምጣ ዋጠች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። እኔ እንባዬ መጣ፤ አባቴ ጭሱ ነው ብሎ መስኮት ከፈተ።

በኋላ ማድ ቤት ውስጥ እናቴ አልቆጣችኝም። ሁለተኛውን መስቀል ማን እንዳደረገው ብቻ ጠየቀችኝ። «አንቺ መስለሽኝ» አልኳት። ቆማ አሰበች። «እጄ ለምዶ ይሆናል» አለች፤ «እኔው ነኝ።» እኔ ደግሞ በልቤ፣ እኔ ነኝ፣ መጠየቅ ነበረብኝ አልኩ። «አሞሽ እንዳትሰማ» አለችኝና ድስቱን ማጠብ ጀመረች።

በሳምንቱ አሞይ የራሷን ድስት ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስገባችው። ክሩንም ከዘይት ጠርሙሱ አንገት ፈታችው። ከዚያን ጾም ጀምሮ ከእኛ ጋር፣ ከእናቴ ድስት፣ ከእናቴ ሽሮ ትበላ ጀመር። እናቴን ሓፍተይ እንዳለቻት ቀረች። አሞይ በእናቴ ላይ የነበራት ጥርጣሬ የተነሣው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት በሆነበት ቀን ነው። እናቴ የተመኘችውን አገኘች፤ ያገኘችበትን መንገድ ግን እያወቀች ደስ ሊላት አልቻለም። ለንስሐ አባቷ ትንገር አትንገር አላውቅም። እኔ ለእኔው ነግሬ ነበር፤ ልጅ ነሽ ብለው ጥቂት ስግደት ሰጥተውኝ ስቀው ሸኙኝ። የእናቴን ግን አልነገርኳቸውም፤ የእሷ የእሷ ነው።

ዕዳው ግን በዚህ አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት ጾም ሲገባ አሞይ፣ «ያን ኬክ መቼ ነው የምትሠሩት?» አለች።

ከዚህ በኋላ እናቴና እኔ ለዓመታት የሠራነው ሥራ፣ እንቁላል የሌለበትን ኬክ እንቁላል ያለበት ማስመሰል ነበር። በመጀመሪያ ሶዳውን ቀነስንና ሙዝ ፈጭተን ጨመርንበት። አሞይ ቀመሰች። «ደሓን'ዩ» አለች፣ ደህና ነው፤ «የዚያን ዓመቱ ግን ሌላ ነበር።» በሁለተኛው ዓመት በውሃው ፋንታ ጋዝ ያለው ውሃ አደረግን፤ ኬኩ ተነፋ፣ ስንቆርጠው ደግሞ ተነፈሰ። «ደሓን'ዩ። የዚያን ዓመቱ ግን...» በሦስተኛው ዓመት ድንች ቀቅለን ሞከርን፤ በዚያን ጊዜ ደሓን'ዩም አልተባለልንም። አንድ ዓመት ተስፋ ቆርጬ ሮማናት አደባባይ ካለ ኬክ ቤት የጾም ኬክ ገዝቼ፣ በእኛው ሳሕን ላይ አድርጌ አቀረብኩ። አሞይ ገና ሳትነካው፣ «ይሄ የሱቅ ነው» አለች። እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስገባም ሙከራዎቹን በፌስታል ይዤ አቀበቱን እየወጣሁ ለዶርም ጓደኞቼ አስቀምስ ነበር። ሁሉም እጅግ ግሩም ነው ይሉኛል። የካፌ ምግብ የሚበላ ተማሪ ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ለመረዳት አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ።

መፍትሔው ከገበያ መጣ። እዚያ ቅመምና የቅባት እህል የምትሸጥ፣ ከወሎ የመጣች እስላም ነጋዴ ነበረች፤ እናቴ «የአገሬ ልጅ» ትላታለች፣ በሳምንት አንድ ቀን ጆንያዋ አጠገብ ተቀምጣ የአገሯን ወሬ ትሰማለች። ከቤታችንና ከንስሐ አባቴ ውጪ ምስጢሩን የሰማች እሷ ብቻ ናት። ስትሰማ መጀመሪያ ጆንያዋን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የእናቴን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። «አውቀሽ በላሽው?» አለቻት። «ምን ላድርግ፣ በእጇ አጎረሰችኝ» አለች እናቴ። «ኧረ ከእጅማ እንዴት ይመለሳል» አለች ሴትየዋ።

ከዚያ ነጋዴዋ እጇን አንዱ ጆንያ ውስጥ ከታ ተልባ ዘግና አወጣች። «አብሽሪ» አለች። «እንቁላሉ ሊጡን የሚይዘው በምኑ ነው? በዝልግልጉ አይደል? ለዝልግልግማ ተልባ እያለ ምን አስጨነቀሽ?» እናቴ ገረማት። በየጾሙ ተልባ በጥብጣ የምትጠጣ ሴት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከደጇ ያለውን ስትፈልግ ኖራለች። ቤት ገብተን እንደ ልማዳችን ቆላነውና ፈጨነው፤ ኬኩ ተልባ ተልባ አለ። እናቴ ተመልሳ ሄደች። «ማን ቁዪ አለሽ? ጥሬውን ነው እንጂ!» ተባለች። ጥሬውን ፈጭተን፣ በለብ ያለ ውሃ በጥብጠን፣ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ ተውነው። በወተቱ ፋንታ የሱፍ ውሃ አደረግንበት። ሶዳውን ወደ ቁንጥጫ አወረድነው።

በዚያ ዓመት አሞይ አንድ ቁራጭ በላች፤ ሁለተኛውን ሳትጠየቅ አነሣች። «ይሄ ነው» አለች። «ያን ዓመት የበላነው ይሄ ነው።» እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ስከተላት ደብተሩን ከፍታ፣ ጠርዙ ላይ «በእንቁላል ፋንታ ተልባ፣ ሳይቆላ» ብላ ጽፋ፣ ሥሩን ሁለት ጊዜ ታሠምርበት ነበር። በሁለተኛው መስመር ብዕሯ ወረቀቱን ቀደደው። አቀፍኳት። የደስታ ነው ብዬ ነበር ያኔ፤ አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እናቴ ከአሞይ ቀድማ ሞተች፤ ማንም ያልጠበቀው ቅደም ተከተል ነው። ታማ በተኛችበት አንድ ቀን ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠብቃ፣ «ያንን ነገር ለአሞሽ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ስንት ዓመት ጠብቃ የኖረችውን ነው ያበላሸንባት። በእኔ ይብቃ።» እሺ አልኳት። ደብተሩን ለእኔ ሰጠችኝ። አሞይ በቀብሩ ዕለት፣ ከእኛ ከልጆቿ በላይ ድምፅ አውጥታ፣ ሓፍተይ ሓፍተይ እያለች አለቀሰች። የአባቴ ዘመዶች ሁለቱ ሴቶች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሞይ ደከመች። ሐኪሙ ደምሽ አንሷል አለ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት ብሎ አዘዘ። የገባው ዐቢይ ጾም ነበር። የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው፣ በሽተኛ አይገደድም፣ ብዪ ብለው ፈቱላት። «አባ፣ እርስዎ ፈትተውኛል፤ እኔ ግን አልተፈታሁም» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጾም ገድፌ አላውቅም። አሁን ለአንድ እንቁላል ብዬ ገድፌ ፈጣሪዬን ልገናኘው?» ቄሱ መከሯት፣ አባቴ ለመናት፣ እኅቴ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጥታ አለቀሰችባት። አሞይ ቆሎ አምጡልኝ አለች። በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋዋ እስከ በር መሄድ አቃታት። የእጇ ቆዳ እንደ ወረቀት ሳሳ። እየሞተች ነበር፤ የምትሞተውም እኔ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላስገደፍኳት ጾም ብላ ነው።

እናቴን እሺ ብያታለሁ። አንድ ሙሉ ቀን ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቀልኩ፣ ላጥኩት፣ በሳሕን ይዤ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሞይ» አልኳት፣ «ገድፈሻል እኮ።»

ዓይኗን ገለጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ለቅሶውን፣ ሁለቱን ሊጥ፣ ሶዳውን፣ አራቱን እንቁላል፣ በማርያም መማሌን። «ሁለቱም ላይ መስቀል አገኘሁ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ» አልኳት።

«ሁለተኛውን እኔ ነኝ ያደረግኩት» አለች።

ሳሕኑን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት።

«ውሃ ልቀዳ ገብቼ ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ አንዱ ሊጥ መስቀል የለውም። ሰበይቲ ሓወይ ረስታዋለች አልኩና በቢላዋው አማተብኩበት። ዋእ! ሊጥ ሳይማተብበት እሳት ይገባል እንዴ?»

እናቴና እኔ እያንዳንዳችን ለብቻችን፣ እኔ ነኝ እኔ ነኝ ስንል የኖርነው ለዚህ ነው። ተናደድኩ። ደካማ አሮጊት ላይ መጮኽ ነውር ባይሆን እጮኽ ነበር። አሞይ ግን ስለ መስቀሉ ከዚህ በላይ የምትለው አልነበራትም። ወደ እኔ ዞረችና፣ «እናትሽ መቼ ነው ያወቀችው?» አለችኝ።

«ከለቅሶ እንደገባች። ውስጡን አይታው።»

«እኔ ሳጎርሳት ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«አውቃ ዋጠችው?»

«አንቺ እንዳታውቂ ብላ።»

አሞይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእናቴን አደራ በልቼ መጣሁ፣ እሷንም ገደልኳት አልኩ። ከዚያ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ሳሕኑን ነው የምትፈልገው። እንቁላሉን በአራት ጉርሻ በላችው፤ ጨው አንሶታል አለች።

በማግስቱም በላች፣ በሦስተኛውም ቀን። ሳምንት ሲሞላ በራሷ እግር ግቢ ወጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን አስመጣች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ መስገድ የማይችል ጉልበቷን በነጠላ ሸፍና፣ በተቀመጠችበት አንገቷን ዝቅ ቀና፣ ዝቅ ቀና ታደርግ ጀመር። ስለዚያ ኬክ ለንስሐ አባቷ ነግራ ቀኖና እንደተቀበለች ገባኝ። ጠዋት አየኋት። ከምሳ በኋላም አየኋት። ፀሓዩ እየበረታ ሲመጣ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ፤ ፈራሁና ወተት በብርጭቆ ይዤ ሄድኩ።

«አሞይ፣ ይብቃሽ» አልኳት። «ሳታውቂ ለበላሽው ሁለት ቁራጭ ኬክ ይህን ያህል ይሰገዳል?»

አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ቀና አለች፤ አንድ ፍሬ አሳለፈች።

«የኔን ከምሳ በፊት ጨርሼዋለሁ» አለች። «ይሄ የሓፍተይ ነው። ቁጥር አታጥፊብኝ።»